ከክብር በታች የተሰናበተ ወታደር ወረቀቱን ማስቀየር ይችላል? ጥያቄና መልስ ከሃምሳ አለቃው ጋር

በአሜሪካ ምድር ጦር መዝገብ ቤት ሃያ ዓመት ያገለገልሁ ጡረተኛ ነኝ። ጠበቃ አይደለሁም። ስንብታቸው ስለተበላሸባቸው ልጆቻችን በዚህ ቡድናችን የምትጠይቁኝን ዛሬ እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን፣ የአገልግሎት ፋይላችሁ እጃችሁ ሳይገባ ማመልከቻ አትላኩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ «ጀነራል» የሚባለው፣ ከክብር አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው ስንብት ከስድስት ወር በኋላ በራሱ የክብር ይሆናል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ውሸት ነው። በራሱ የሚቀየር ስንብት የለም።

ጥያቄ፦ የትኛውን ቅጽ ልሙላ?

መልስ፦ ከተሰናበትህ 15 ዓመት ካልሞላህ ዲዲ 293 ለስንብት መርማሪ ቦርድ። ካለፈህ፣ ወይም ያሰናበተህ ጠቅላይ የጦር ፍርድ ቤት ከሆነ ዲዲ 149 ለመዝገብ አራሚ ቦርድ። ይህኛው ስህተቱን ካወቅህበት ቀን ጀምሮ የ3 ዓመት ገደብ አለው፤ ቦርዱ ለፍትሕ ሲል ሊያልፈው ይችላል። ፋይሉ ግን ይቅደም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ስንብቱ መጥፎ ነው። ምን ያድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ «መጥፎ» የሚባል ስንብት አላውቅም። ዲዲ 214 በሚባለው የስንብት ወረቀቱ ላይ ቁጥር 24 ምን ይላል? ቁጥር 28 ላይ የተጻፈው ምክንያትስ? መቼ ወጣ? ይህን ይዘሽ ተመለሺ።

ጥያቄ፦ ከአፍጋኒስታን ስመለስ እንቅልፍ አጣሁ፣ መጠጥ ጀመርሁ፣ ከሥራ እየቀረሁ «ከክብር ውጪ» በሚባለው፣ ከ«ጀነራል» በታች ባለው ደረጃ ተሰናበትሁ። ፒቲኤስዲ (ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም) እንዳለብኝ ሐኪም የነገረኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ተስፋ አለኝ?

መልስ፦ አለህ፤ እስቲ ይህን በደንብ እንየው። እ.ኤ.አ. በ2014 የመከላከያ ሚኒስትሩ ቻክ ሄግል መዝገብ አራሚ ቦርዶቹ እንዲህ ያለውን ጉዳይ በልበ ሰፊነት እንዲመለከቱ አዘዙ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው መመሪያ ደግሞ ሁለቱንም ዓይነት ቦርዶች የሚመለከት ሲሆን አራት ጥያቄ ያስቀምጣል፦ ሕመም ወይም ጥፋቱን የሚያቀል ገጠመኝ ነበረ? በአገልግሎት ላይ ሳለ ነበረ? ጥፋቱን በእርግጥ ያቀለዋል? ከስንብቱስ ሚዛን ይደፋል? እኔ ያየኋቸው ማመልከቻዎች የሚወድቁት ሦስተኛው ላይ ነው። ልጁ የሐኪም ወረቀት ያያይዝና «ታምሜአለሁ» ብሎ ያበቃል። መታመምህ ብቻ አይበቃም፤ ሕመሙና ጥፋቱ የሚገናኙበትን ክር አንተ ማሳየት አለብህ። ከመዝመትህ በፊት አንድ ቀን አርፍደህ ታውቃለህ? ካላወቅህ ጻፈው። በየትኛው ወር ተመለስህ፣ የመጀመሪያው ተግሣጽ በየትኛው ወር መጣ? ቀኖቹን ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። ቀኖቹ ያሉት ደግሞ ፋይሉ ውስጥ ነው፤ ለዚህ ነው የምጮኸው። ታስቦበት የተፈጸመ ስርቆትን ግን ሕመም በቀላሉ አይሸፍነውም።

አንድ አባል፦ ሐሺሽ አጭሶ የተባረረ ሁሉ ታምሜ ነው ካለ፣ በሥርዓት ያገለገልነው ክብራችን ምን ሊሆን ነው?

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ አንተ አራቱንም ዓመት ጀርመን ቢሮ ውስጥ አይደለም እንዴ የተቀመጥኸው?

አንድ አዛውንት፦ እናንተስ የምትጨቃጨቁበት ወረቀት አላችሁ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን እኔ ከከረን ሱዳን በእግሬ ገባሁ። ማን ስንብት ጻፈልኝ?

መልስ፦ አባቴ፣ እውነትዎን ነው፤ የእርስዎ ጉዳይ ራሱን የቻለ ቀን ይገባዋል። እናንተ ሁለታችሁ ግን ሌላ ቦታ ተጨቃጨቁ።

ጥያቄ፦ አማርኛ በመቻሌ ማቭኒ በሚባለው የውጭ ዜጎች የውትድርና ምልመላ ገብቼ በውትድርና ዜግነት አገኘሁ። ስንብቴ ከክብር ውጪ ከሆነ ይነጠቃል?

መልስ፦ 5 ዓመት በክብር ሳታገለግል ከወጣህ ሕጉ መንጠቅን ይፈቅዳል። ዛሬውኑ የስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ ፈልግ፤ ከእኔ ጋር ጊዜ አታጥፋ።

ጥያቄ፦ በ«ጀነራል» ስንብት ትምህርት ይከፈልልኛል?

መልስ፦ ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ ላገለገሉ ትምህርት በሚከፍለው ሕግ (ጂአይ ቢል)፣ አይከፈልም። ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ታገኛለህ።

ጥያቄ፦ የእድራችን ሰብሳቢና የንስሐ አባቴ ደብዳቤ ቢጽፉልኝ ይጠቅማል?

መልስ፦ ከስንብት በኋላ ያለ መልካም ሕይወት እንዲታይ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ መመሪያ ስላለ ይጠቅማል። ነገር ግን «እጅግ ምስጉን ልጅ ነው» የሚል ደብዳቤ ዋጋ የለውም። ያዩትን ይጻፉ፤ ስንት ዓመት እንደሚያውቁህ፣ ስታደርግ ያዩህን። በአማርኛ ከጻፉት በሙያተኛ አስተርጉመው።

ጥያቄ፦ ስድስት ወር ሞላኝ፤ ስንብቴ መቀየሩን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ።

ጥያቄ፦ ሃምሳ አለቃ፣ ስለ ወንድሜ የጠየቅሁት ነኝ። ቁጥር 24 «ከክብር ውጪ»፣ ቁጥር 28 «ተደጋጋሚ ጥፋት» ይላል። የጦር ፍርድ ቤት አልቀረበም። ከወጣ 14 ዓመት ከ4 ወር ሆኖታል።

መልስ፦ ተባረኪ፣ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። ስምንት ወር ቀርቶታል። ጊዜ ያለው ሰው መጀመሪያ በመዝገብ ብቻ ያስመረምራል፤ ካልቀናው ቀርቦ እንዲሰማ ይጠይቃል፤ ሁለት ዕድል አለው። ሁለተኛው ግን በዚያው በ15 ዓመት ውስጥ መጠየቅ ስላለበት ወንድምሽ ለሁለቱም ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ ዲዲ 293 ላይ በቀጥታ ቀርቦ መሰማትን ይምረጥ። ቦርዱ ስንብቱን ሊያከፋበት አይችልም፤ አይፍራ። የፋይል መጠየቂያውን፣ ቅጽ 180ን፣ ዛሬ ማታ ይሙላ። ራሱ ይፈርም እንጂ አንቺ እንዳትፈርሚለት።