ትራክተር የተመላለሰበት ማሳ ለምን ይደድራል?

ጥያቄ፦ ማሳዬ ከኮምቦልቻ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በቦርከና ወንዝ ዳር ያለ ዋልካ አፈር ነው። የበልግ ዝናብ በጣለ ማግስት በኪራይ ትራክተር አሳርሼ ማሽላ ዘራሁ። ጎማው በሄደበት መስመር ላይ ያለው ቡቃያ ቀጭጮና ቢጫ ሆኖ ቀረ፤ ውሃም ይተኛበታል። ማዳበሪያ ልጨምር ወይስ ወደ በሬ ልመለስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የገለጹት ምልክት በአብዛኛው የአፈር መጠቅጠቅን ያመለክታል። ከጤናማ አፈር ግማሽ ያህሉ ክፍት ቀዳዳ ሲሆን፣ ከባድ ጎማ ሲጫነው አስቀድመው የሚደፈኑት ውሃ የሚሰርግባቸውና አየር የሚገባባቸው ሰፋፊዎቹ ቀዳዳዎች ናቸው። ስለዚህ ውሃው ከላይ ይቆማል፣ ሥሩ አየር ያጣል፣ በአፈሩ ያለው ናይትሮጅንም ወደ ጋዝነት እየተለወጠ ይባክናል። ቡቃያው ቢጫ የሆነውም በዚህ ሊሆን ስለሚችል፣ አፈሩ ሳይከፈት ማዳበሪያ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው።

ለማረጋገጥ ጎማው ባለፈበትና ባላለፈበት ቦታ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይቆፍሩ። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ላይ አፈሩ በዝርግ ቅርፊት የሚነሳ፣ ሥሩም ወደ ታች መውረድ ትቶ ወደ ጎን የሚታጠፍ ከሆነ ችግሩ እሱ ነው። በዲስክ ማረሻ ሲታረስ አንደኛው የኋላ ጎማ በፈሩ ውስጥ ስለሚሄድ ክብደቱ በቀጥታ በታችኛው አፈር ላይ ያርፋል።

ትራክተሩን ጥፋተኛ ማድረግ ግን አይገባም፤ በበሬም ቢሆን ዓመት ከዓመት በአንድ ጥልቀት ሲታረስ ከማረሻው በታች ጠጣር ንጣፍ ይፈጠራል። ዋናው ጥፋት እርጥበቱ ነው። ከሚታረስበት ጥልቀት አፈር አንስተው በመዳፍዎ መካከል ያሹት፤ ሳይቆረጥ እንደ ገመድ ከተድቦለቦለ ማሳው ትራክተር ሊገባበት አይገባም፣ ከተፈረፈረ ግን ይታረስ። የኪራይ ተራ ጠብቆ የመጣን ትራክተር መመለስ ከባድ መሆኑን እንረዳለን፤ ሆኖም ከጉዳቱ አብዛኛው ጎማው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያልፍ የሚደርስ በመሆኑ፣ “አንዴ ቢያልፍ ምን አለበት” የሚባል ነገር አይደለም። የሚሻለው ከጎረቤቶችዎ ጋር ተነጋግሮ፣ ማሽላው እንደተሰበሰበ፣ አፈሩ ሳይደርቅና ሳይጠጥር ማሳረስ ነው። የጎማን ነፋስ አምራቹ ለእርሻ ሥራ እስከፈቀደው ድረስ መቀነስ የላይኛውን አፈር ያድናል፤ የታችኛውን የሚጎዳው ግን ጠቅላላው ጭነት ስለሆነ፣ እህል የጫነ ተሳቢ ማሳው ውስጥ አይግባ፣ ዳር ላይ ይቁም።

ዋልካ በበጋ ሲሰነጣጠቅ የላይኛው ክፍል በራሱ ይፈታል፤ የታችኛው ግን ዓመታት ይወስዳል። ጥልቅ መሰንጠቂያ መሣሪያ ቢያገኙ አፈሩ እስከ ታች በደረቀበት ጊዜ ብቻ ያስገቡት፤ በእርጥብ ጊዜ ቀጭን ስንጥቅ ከመተው አያልፍም። ከተሰነጠቀ በኋላም አፈሩ ልል ስለሚሆን ከቀድሞው በበለጠ ፍጥነት ይጠቀጠቃልና፣ ለትራክተሩ ቋሚ መንገድ ለይተው ከዚያ እንዳይወጣ ያድርጉ።