ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የወገቤን ነርቭ ላስቃጥለው ወይ?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ 53 ዓመቴ ነው። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እንጀራ እየጋገርኩ ለሱቆች አስረክባለሁ። ወገቤን ካመመኝ አምስት ዓመት አለፈ። በቀኝ በኩል ይብሳል። ወደ ዳሌዬና ወደ ጭኔ ይወርዳል፣ ከጉልበቴ ግን አያልፍም። ኤምአርአይ ተነሥቼ ‹ዲስክሽ አርጅቷል፣ መጋጠሚያውም ተበልቷል› ተባልኩ። ዳይክሎ ስወጋ ሁለት ቀን ይሻለኛል፣ ከዚያ ያው ነው። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ሕመሙን የሚያመጣውን ነርቭ በሙቀት የሚያቃጥሉበት ሕክምና እንዳለ ነገረኝ። ሕንድ ሄጄ እንድታከም ብር ሊልክልኝ ነው፤ የጎደለውን ወርቄን ሸጬ እሞላለሁ። ግን ነርቭ ሲባል ፈራሁ። ሽባ ብሆንስ? ለዘለቄታውስ ያድናል? ከዚያ በኋላ እንጀራ መጋገር እችላለሁ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ወርቁን አይሽጡ። ቢያንስ አሁን አይሽጡ። ሕክምናው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ከሱ በፊት የሚሠራ አንድ ምርመራ አለ፤ እሱ ሳይሠራልዎ ሕክምናው ይጠቅምዎ እንደሆነ ማንም ሊነግርዎ አይችልም። ወደዚያ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ ስለ ፍርሃትዎ ላውራ።

«ነርቭ ይቃጠላል» ሲባል ማንም ይደነግጣል። የሚቃጠለው ግን እግርዎን የሚያንቀሳቅሰው ትልቁ ነርቭ አይደለም፤ ሕብለ ሰረሰሩም አይነካም። በአከርካሪያችን ጀርባ፣ በግራና በቀኝ፣ አንዱን አጥንት ከሌላው ጋር የሚያያይዙ ትናንሽ መጋጠሚያዎች አሉ። እንደ በር ማጠፊያ ያስቧቸው። ስንጎነበስ፣ ቀና ስንል፣ ወደ ጎን ስንዞር ይሠራሉ። እንደ ጉልበት ሁሉ እነሱም በዕድሜና በሥራ ብዛት ይበላሉ። የእያንዳንዱን መጋጠሚያ ሕመም ወደ አእምሮ የሚያደርሱ ሁለት ቀጫጭን የነርቭ ቅርንጫፎች አሉ። በሙቀት የሚቃጠሉት እነዚህ ናቸው። ከአከርካሪው አጠገብ ያሉ ትናንሽ ጡንቻዎችን ያዛሉ እንጂ እግርን አያዙም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሆድዎ ይተኛሉ። ሐኪሙ በራጅ እያየ ቀጭን መርፌ ወደ ቅርንጫፉ ያስጠጋል። መርፌው ከጫፉ በቀር በሙሉ የተሸፈነ ስለሆነ የሚሞቀው ጫፉ ብቻ ነው። ከማሞቁ በፊት በመርፌው በኩል ቀላል ኤሌክትሪክ ይለቀቃል። እግርዎ ከተንቀሳቀሰ ወይም ስሜቱ ወደ እግር ከወረደ መርፌው ከቦታው ወጥቷል ማለት ነው፤ ሐኪሙ ያስተካክለዋል። ነቅተው «እዚህ ተሰማኝ» ማለት ስላለብዎ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ማደንዘዣ አይሰጥም። ከዚያ ቦታው ይደነዝዛል፣ ጫፉም 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ደርሶ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ይቆያል። የዚያኑ ዕለት ቤትዎ ይገባሉ፤ ግን ብቻዎን አይሂዱ፣ ሰው ይያዙ።

በሠለጠነ እጅና በራጅ እየታየ ከተሠራ ሽባነት እጅግ ብርቅ ነው። ያለ ራጅ «በልምዴ አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ከገጠመዎ ግን ይነሡና ይውጡ። ብዙዎች የሚገጥማቸው ሌላ ነው። ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ወገቡ ከበፊቱ ብሶ ሊያም ይችላል። ቆዳው ላይ የመደንዘዝ ወይም የማቃጠል ስሜት ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ኢንፌክሽንና መድማት አልፎ አልፎ ያጋጥማል። ስለዚህ ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ፣ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመልዎ ወይም ስኳር ያለብዎ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። እፎይታውም ወዲያው አይመጣም፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሊወስድ ይችላል።

ለዘለቄታው ያድናል ወይ? አያድንም። ነርቩ ተመልሶ ያድጋል። ለሚሠራላቸው ሰዎች እፎይታው በተለምዶ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ነው፤ ጥቂቶች ከዚያ በላይ ይቆያሉ። ሕመሙ ሲመለስ መድገም ይቻላል። የተበላውን መጋጠሚያ ግን አይጠግንም። ወንድምዎ ብሩን ከመላኩ በፊት ይህን ማወቅ አለበት። ሕንድ ለአንድ ጊዜ መሄድ አንድ ነገር ነው፤ በየዓመቱ መመላለስ ሌላ።

አሁን ወደ ምርመራው። የሚቃጠለው ቅርንጫፍ በእርግጥ ሕመምዎን የሚያመጣው መሆኑ በምን ይታወቃል? በኤምአርአይ አይታወቅም። «ዲስክሽ አርጅቷል» የሚለው ወረቀት ስንቱን ሰው እንዳስለቀሰ እኔ አውቃለሁ። ወገባቸውን ምንም የማያማቸው የ50 ዓመት ሰዎች ቢመረመሩ ከ10ሩ 8ቱ ዲስካቸው ያረጀ ሆኖ ይታያል። የአከርካሪ ሽበት በሉት። ወረቀቱ የሚያሳየው ዕድሜን ነው፤ ሕመሙ ከየት እንደሚመጣ አይናገርም።

የሚታወቀው በማደንዘዣ ነው። ሐኪሙ በራጅ እያየ እዚያው ቅርንጫፍ አጠገብ ትንሽ የማደንዘዣ መድኃኒት ጠብታ ያስቀምጣል። ልክ ለጥርስ እንደሚወጋው ዓይነት ነው። የሚሠራው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። በእነዚያ ሰዓታት ተኝተው እንዳይውሉ። ደረጃ ይውጡ፣ ይጎንበሱ፣ ቀና ይበሉ፣ ሁልጊዜ የሚያምዎትን እንቅስቃሴ ያድርጉ። በየግማሽ ሰዓቱም ከዜሮ እስከ አሥር ባለው ቁጥር ሕመሙን በደብተር ይጻፉ። ሕመሙ በእጅጉ ከጠፋ፣ ማለትም ስምንት የነበረው ወደ አንድና ሁለት ከወረደ፣ መድኃኒቱ ሲያልቅም ከተመለሰ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ካልቀነሰ ደግሞ ነርቩን ማቃጠል ምንም አይጠቅምዎትም። ጠንቃቃ ሐኪሞች ምርመራውን በሌላ ቀን ይደግሙታል፤ አንድ ጊዜ በተስፋ ብቻ የሚሻለው ሰው ብዙ ነውና። ይህን ምርመራ ሳይሠራ «በቀጥታ እናቃጥለው» የሚልዎ ሐኪም፣ የትም አገር ይሁን፣ ብርዎን እንጂ ወገብዎን አላየም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ባየሁት ነገር ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የከባድ መኪና ሹፌር መጣልኝ። ውጭ አገር ሄዶ፣ ያለውን አውጥቶ፣ ነርቡን አስቃጥሎ ተመልሷል። ሕመሙ አንድም አልቀነሰም። ሲነግረኝ ሕመሙ ከወገቡ ተነሥቶ ባቱን አልፎ እስከ እግሩ ጣት ይወርድ ነበር። ሲያስነጥሰው እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረዋል። ይህ የተንሸራተተ ዲስክ የእግርን ነርቭ ሲጫን የሚመጣ ሕመም ነው። የመጋጠሚያውን ቅርንጫፍ ማቃጠል ለዚህ አይሠራም። ማደንዘዣው አስቀድሞ ቢሞከርለት ኖሮ በአንድ ቀን ይታወቅ ነበር። ጥያቄ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

የእርስዎ ሕመም ከጉልበት አለማለፉና በአንድ በኩል መብሱ ከመጋጠሚያ ሊመጣ እንደሚችል ይጠቁማል። ልብስ ለማስጣት ወደ ኋላ ቀና ሲሉ ወይም ብዙ ሲቆሙ የሚብስ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ይጨምራል። ግን ጥርጣሬ ነው። በእጅ ዳስሶ ብቻ እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

አንድ ነገር አልደብቅዎትም፤ ሐኪሞች ራሳችን በዚህ ሕክምና ላይ አልተስማማንም። እንግሊዝ አገር በ2016 የወጣው ብሔራዊ መመሪያ ሌላው ሕክምና ላልሠራለት፣ ሕመሙ ከአሥር አምስትና ከዚያ በላይ ለሆነና የማደንዘዣውን ምርመራ ላለፈ ሰው ሊታሰብ ይችላል ይላል። በ2017 ግን ኔዘርላንድ ውስጥ በ681 ሰዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ውጤት ታተመ። ስፖርት ብቻ የሠሩትና ስፖርት ሠርተው ነርባቸውም የተቃጠለላቸው ሰዎች ያን ያህል አልተለያዩም። ሌሎች ደግሞ «ሕሙማኑ በደንብ አልተመረጡም» ብለው ተከራከሩ። በ2025 አንድ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን ቢኤምጄ በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ለቆየ የአከርካሪ ሕመም ይህን ሕክምና በጽኑ እንደማይመክር ጻፈ። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ለሁሉም ወገብ ያመመው ሰው አልመክረውም። ምርመራውን ሁለቴ ላለፈ፣ ሌላውን ሁሉ በትክክል ለሞከረና ዋጋውን ሳይደኸይ መክፈል ለሚችል ሰው ግን በሩን አልዘጋም።

«ሌላውን ሁሉ በትክክል» ያልኩትን ይያዙልኝ። ዳይክሎ መወጋት ከሱ አይቆጠርም። በየሳምንቱ የሚወጋ ዳይክሎፌናክ ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። እባክዎ ያቁሙት፤ የኩላሊትና የግፊት ምርመራም ያድርጉ። ወጌሻ ዘንድ እየሄዱ ከሆነ ጡንቻ ማሸቱ አይከፋም፤ አከርካሪ «ማስተካከል» የሚባለውን ግን አይፍቀዱ።

ስለ ውሃው አልጻፉልኝም፤ ግን ሰፈሩን አውቀዋለሁ። ውሃ በጠፋ ቁጥር ከታች ጀሪካን የሚያወጣው ማነው? አንድ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። በአንድ እጅ ይዘው፣ ወገብዎ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ አራት ፎቅ ይወጣሉ። የሚጋግሩ ሰው ደግሞ ለሊጡም ለዕቃውም ብዙ ውሃ ይፈልጋሉ። ቀኝ ጎንዎ ለምን እንደሚብስ የሚያስረዳ አንዱ ነገር ይህ ሊሆን ይችላል። ለሰፈሩ ጎረምሳ ከፍለው ያስወጡት። ካልሆነ በሁለት ትናንሽ ጀሪካን፣ በሁለቱም እጅ እኩል ይያዙ። ለሕንድ ከታሰበው ብር ላይ ጥቂቷ ለዚህ ትበቃለች።

ከዚያ ፊዚዮቴራፒ። ሁለት ቀን ሄዶ መተው አይሆንም። ቢያንስ ሦስት ወር፣ የሆድና የጀርባ ጡንቻ የሚያጠነክሩ እንቅስቃሴዎችን ተምረው ቤትዎ በየቀኑ ይሥሩ። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ በእግር ይሂዱ። መጀመሪያ ያማል፤ የሚያመው ግን እየተጎዳ ስለሆነ አይደለም። ይህን ብዙ ሰው ስለማያምነኝ ደጋግሜ እናገራለሁ።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ይጣራልኝ። ማታ ማታ ላብና ትኩሳት አለብዎ? ክብደት ቀንሰዋል? ተኝተውም ሕመሙ አያስተኛዎትም? የአከርካሪ ቲቢ በአገራችን ዛሬም አለ፤ በመድኃኒት ይድናል፣ ካልታወቀ ግን አጥንቱን ይበላዋል። ከሰንዳፋም ሆነ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ያልፈላ ወተት የሚጠጡ ከሆነ ደግሞ ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ወገብ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩት። እግርዎ ከደከመ፣ በመቀመጫዎ አካባቢ ከደነዘዘዎ ወይም ሽንት አልመጣ ካለ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ የዚያኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ሦስት ወሩን ጨርሰው ካልተሻለዎ የማደንዘዣውን ምርመራ እዚሁ አዲስ አበባ ይጠይቁ። የሚያስፈልገው የራጅ መሣሪያ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ላይ የሚውለው ዓይነት ነው። ወሳኙ ይህን የተማረ ሐኪም መኖሩ ነው። ሲደውሉ «ስንት ሰው ሠርተዋል? በራጅ ነው የሚሠሩት? ማደንዘዣውን ሁለቴ ይሞክራሉ?» ብለው ይጠይቁ። አይፈሩ፤ ሐኪም መጠየቅ ነውር አይደለም። ምርመራው «አይደለም» ካለ ወርቅዎ እጅዎ ላይ ቀረ። «ነው» ካለ ለወንድምዎ የሚነግሩት ቁም ነገር አገኙ፤ የት ሄደው እንደሚሠሩትም ያኔ በሰከነ ልብ ትመካከራላችሁ።

እንጀራውን በተመለከተ፣ አዎ፣ መጋገር ይችላሉ። ነርቩ ቢቃጠልም ባይቃጠልም ምጣዱን ግን ከፍ ያድርጉት። መሬት ላይ ወይም ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ሆነው በየእንጀራው መጎንበስና መዞር ይቅርብዎ። ቀጥ ብለው ቆመው ክርንዎ ጎንዎ ላይ ሲያርፍ እጅዎ የሚደርስበት ከፍታ ላይ ያስቀምጡት፤ ሊጡም ሰፌዱም በሁለቱ በኩል እጅዎ አጠገብ ይሁኑ፣ ወገብዎን ሳያዞሩ በእግርዎ ዞረው ያንሡ። ሃያ እንጀራ በጋገሩ ቁጥር ለአምስት ደቂቃ ወጣ ብለው ይራመዱ። ነርቩ ከተቃጠለም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በትንሹ ይጀምሩና ቀስ እያሉ ይጨምሩ።