ስላሸር ፊልሞችና የሳንሱር መቀስ፤ ጥያቄና መልስ

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ስላሸር የሚባለው የትኛው ፊልም ነው? እንዴትስ በዚያ ትንሽ ገንዘብ ይሠራል?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ጭንብል ያጠለቀ ገዳይ ስለት ይዞ ወጣቶችን አንድ በአንድ የሚያድንበት ነው። ዝነኛ ተዋናይ አይፈልግም፤ አንድ ሰፈር ወይም አንድ የበጋ ካምፕ ይበቃዋል። የጆን ካርፔንተር «ሃሎዊን» (1978) የፈጀው 300 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። የገዳዩ ጭንብል ከ2 ዶላር ባነሰ የተገዛ የቴሌቪዥን ድራማው የ«ስታር ትሬክ» ገጸ ባሕርይ፣ የካፒቴን ከርክ ፊት ነበር፤ የዓይኑን ቀዳዳ አሰፉት፣ ነጭ ቀለም ረጩበት፣ አለቀ። ታሪኩ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት፣ ቀረጻው ግን ዛፍ በለመለመበት ጊዜ ስለነበር፣ ቀለም የተቀባ ቅጠል መንገዱ ላይ እየበተኑ ከቀረጻ በኋላ ለሚቀጥለው ትዕይንት ይለቅሙት ነበር። ደም ግን በዚህ ፊልም ውስጥ የለም ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ደም ሲያስፈልግስ ከምን ይሠራል? የማዘጋጀው ሮዝ እየሆነ አስቸገረኝ።

መልስ፦ ቢጫ ስለጎደለው ነው። የሜካፕ ባለሙያው የዲክ ስሚዝ ቀመር ይህ ነው፦ 1 ሊትር ገደማ ነጭ የበቆሎ ሽሮፕ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ሜቲልፓራቤን (እንዳይሻግት)፣ 60 ሚሊ ሊትር ቀይ የምግብ ቀለም፣ 5 የሻይ ማንኪያ ቢጫ የምግብ ቀለም፣ 60 ሚሊ ሊትር የኮዳክ ፎቶ-ፍሎ (ፊልም ሲታጠብ የሚጨመር ፈሳሽ)። ፎቶ-ፍሎው ደሙ ቆዳ ላይ ጠብታ ሆኖ እንዳይንከባለል፣ ልብስም ውስጥ እንዲሰርግ ያደርጋል። መርዝ ስለሆነ ግን አፍና ዓይን አካባቢ ፈጽሞ አይድረስ፤ ለአፍ የሚሆነውን ያለ እሱ፣ በሌላ ዕቃ ያዘጋጁ። ቀለሙ ልብስም ግድግዳም ላይ አይለቅም፤ የደሙን ቀረጻ መጨረሻ ላይ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ የሚቆርጠው መንግሥት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ከ1968 ጀምሮ የዕድሜ ደረጃ የሚሰጠው የፊልም ኩባንያዎቹ ማኅበር፣ ኤምፒኤኤ (ከ2019 ወዲህ ኤምፒኤ) ነው። በሕግ አያስገድድም፤ ነገር ግን እስከ 1990 በነበረው ደረጃ «ኤክስ» (ለአዋቂ ብቻ) የተሰጠውን ፊልም ብዙ ጋዜጦች አያስተዋውቁትም፣ ብዙ ሲኒማ ቤቶችም አያሳዩትም ነበር። ስለዚህ አምራቹ «አር» (ከ17 ዓመት በታች ያለ ከአዋቂ ጋር ብቻ የሚያየው) እስኪያገኝ ድረስ በገዛ እጁ ይቆርጣል፣ ያስገባል፣ ይመለስበታል፣ እንደገና ይቆርጣል። ብዙ ጊዜ ደረጃ ሰጪውን ቦርድ የሚያስቆጣው ግድያው ራሱ ሳይሆን ካሜራው ቁስሉ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው። የ3 ሴኮንድ ምስል 72 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው፤ 20 ብቻ ሲቀረው አንድ ሴኮንድ እንኳ አይሞላም።

የሚያሳዝነው የቁርጥራጩ ዕጣ ነው። ኔጌቲቭ (ቅጂዎች የሚታተሙበት ዋናው ፊልም) ሲቆረጥና በሙጫ ሲያያዝ አጠገቡ ያለው ፍሬም አብሮ ይበላሻል፤ የወጣውን እንደነበረ መመለስ አይቻልም። ቁርጥራጭን ለዓመታት መጋዘን ውስጥ ማኖር ደግሞ ወጪ አለው፤ ለርካሽ ፊልም ያን የሚከፍል ብዙም አይገኝም። የካናዳው «ማይ ብለዲ ቫለንታይን» (1981) 9 ደቂቃ ያህል እንደተቆረጠበት ይነገራል፤ በ2009 የተመለሰለት ወደ 3 ደቂቃ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ እንግሊዝ ውስጥ «ቪዲዮ ናስቲ» ያሏቸው ምንድን ናቸው?

መልስ፦ በካሴት ይከራዩ የነበሩ፣ ጭካኔ የበዛባቸው የተባሉ ፊልሞች ናቸው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የቪዲዮ ካሴት ቅድመ ምርመራ አልነበረበትም። ጋዜጦች ዘመቻ ሲከፍቱ ፖሊስ በ1959ኙ የብልግና ኅትመት ሕግ የካሴት ሱቆችን መበርበር ጀመረ። ዐቃቤ ሕጉ ባወጣው ዝርዝር ላይ በተለያየ ጊዜ 72 ፊልሞች ተመዝግበዋል፤ ክሱ የጸናባቸው 39 ናቸው። አንዱ አካባቢ የሚወረሰው ካሴት ሌላው ጋ በይፋ ይከራይ ስለነበር ባለሱቆቹ ግራ ተጋቡ። በ1984 የወጣው ሕግ ካሴቶች በመርማሪው ድርጅት በቢቢኤፍሲ በኩል እንዲያልፉ አዘዘ። በ2009 ግን ሕጉ ሲወጣ ለአውሮፓ ኮሚሽን እንዳልተነገረ ታወቀ፤ በ2010 እንደገና ማውጣት ግድ ሆነ።

ጥያቄ፦ «ዘ ቴክሳስ ቼይን ሶው ማሳከር» ደም ሳይበዛበት ለምን ተከለከለ?

መልስ፦ ቢቢኤፍሲ በ1975 ፈቃድ ነፈገው። ኃላፊው ጄምስ ፈርማን ሊቆርጠው ቢሞክርም አልሆነለትም፤ ሰውን የሚያስጨንቀው አንድ ትዕይንት ሳይሆን ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋው ድባብ ነውና። ሳይቆረጥ የተፈቀደው በ1999 ነው። በእኔ እምነት የዚህ አሠራር ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ይታያል፦ ቁስል የሚያሳየው ፊልም ተቆርጦ ያልፋል፣ ሳያሳይ ማስፈራት የቻለው ግን ጨርሶ ይታገዳል።

ጥያቄ፦ የአንድ ፊልም የአሜሪካው ቅጂ 90 ደቂቃ ነው፤ የእንግሊዙ ዲቪዲ 86። ተቆርጧል ማለት ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም ነው፤ እንግሊዝ የምትጠቀምበት የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ ፓል፣ ግን 25 ያሳያል (የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም ፓል ነበር)። 90 ደቂቃው አንድ ፍሬም ሳይጎድልበት 86 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ይሆናል። የፓሉን ርዝመት በ25 አባዝተው ለ24 ያካፍሉት። ልዩነት ከቀረ ወደ ግድያዎቹ ይሂዱና ሙዚቃውን ያዳምጡ። በ35 ሚሊ ሜትር ፕሪንት (ሲኒማ ቤት በሚታየው የፊልም ቅጂ) ላይ ድምፁ ከምስሉ ወደ 20 ፍሬም ቀድሞ ይታተማል፤ ስለዚህ ፕሪንቱ ከተቆረጠ መጀመሪያ ምስሉ ይዘላል፣ ሴኮንድ ሳይሞላ ድምፁ ይከተላል። ሙዚቃው ሳይደናቀፍ ምስሉ ብቻ ካጠረ ግን ብዙውን ጊዜ የቆረጠው አምራቹ ነው፣ ድምፁ ከመቀላቀሉ በፊት።

ጥያቄ፦ ሣጥኑ ላይ «ያልተቆረጠ» የሚል ከተጻፈስ?

መልስ፦ በእሱ ብቻ አይተማመኑ። አንዳንዴ ሲኒማ ቤት የታየውን «አር» ቅጂ ማለታቸው ነው። ተፈልጎ የተመለሰ ትዕይንት ብዙ ጊዜ በዓይን ይለያል፦ ከሌላ ቅጂ ስለተወሰደ ቀለሙ ይለወጣል፣ ጭረቱም ይበዛል።