ባልብ/ሲ ወይስ ቢ10.ዲ2? ለቆዳ ንቅለ ተከላ ሙከራ የሚመረጠው አይጥ

ሰላም እህቴ። ባልብ/ሲ ከሚባለው የአይጥ ዝርያ ቆዳ ወስደሽ ብላክ 6 በሚባለው ዝርያ ላይ ለመትከል አቅደሽ ሳለ አማካሪሽ «ቢ10.ዲ2ን በብላክ 10 ላይ አድርጊው» ብለውሻል። ሁለቱም ለጋሾች በኤች-2፣ ማለትም የአይጥ ሰውነት የራሱን ቲሹ ከባዕድ በሚለይበት የጂኖች ስብስብ፣ አንድ ዓይነት (ኤች-2ዲ) ከሆኑ ለምን ውዱን ቢ10.ዲ2 እንገዛለን ነው ጥያቄሽ። እኔ አሜሪካ ውስጥ በንቅለ ተከላ ቤተ ሙከራ ለዓመታት ስሠራ ቆይቻለሁ፤ አማካሪሽ ልክ ናቸው።

ባልብ/ሲና ብላክ 6 የሚለያዩት በኤች-2 ብቻ አይደለም። በየክሮሞዞሙ የተበተኑ፣ ማይነር የምንላቸው ብዙ የቲሹ አንቲጂኖችም (የሰውነት መከላከያ ባዕድ ብሎ የሚለያቸው ምልክቶች) ይለያዩአቸዋል። ቆዳው ሲወድቅ ያስጣለው ኤች-2 ይሁን፣ ማይነሮቹ ይሁኑ ወይስ ሁለቱም ተጋግዘው መለየት አትችይም። ቢ10.ዲ2 ግን ኮንጄኒክ ነው። በሌላው ሁሉ ብላክ 10 ሆኖ በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው የኤች-2 አካባቢ ብቻ ከዲቢኤ/2 ዝርያ የመጣ ነው። ብላክ 10 ያንን ቆዳ ከጣለ ተጠያቂው ያ አካባቢ ነው።

እነዚህ አይጦች እንዴት እንደተገኙ ማወቅ አጠቃቀማቸውንም ያስተምራል። የዘረመል ተመራማሪው ጆርጅ ስኔል በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር ባለው ጃክሰን ላቦራቶሪ በ1940ዎቹ ሥራውን ሲጀምር የዲኤንኤ ምርመራ የሚባል ነገር አልነበረም። መለያው ዕጢ ነበር። ሁለት ዝርያዎችን ያዳቅላል፤ ልጆቻቸውንም እርስ በርስ አዳቅሎ በልጅ ልጆቹ ላይ የአንደኛውን ዝርያ ዕጢ ይተክላል። ዕጢው ያደገባቸው ይሞታሉ። ዕጢውን ጥለው የተረፉት የሌላኛውን ዝርያ የቲሹ ጂን ከእናትም ከአባትም የወረሱት ናቸው። እነሱን መልሶ ዕጢው ከተወሰደበት ዝርያ ጋር ያዳቅላል፣ ይህንኑ ከትውልድ ትውልድ ይደጋግመዋል። ለንደን ላይ ተመራማሪው ፒተር ጎረር በ1936 በደም ምርመራ የደረሰበት «አንቲጂን 2» እና ስኔል የሚከታተለው ጂን አንድ መሆናቸው በ1948 በጋራ ባወጡት ጥናት ታወቀ። ስኔል በ1980 ከተመራማሪዎቹ ከቤናሴራፍና ከዶሴ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ጎረር በ1961 አርፎ ነበር፤ በሕይወት ቢቆይ ድርሻው ይገባው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ ለሰው የምናደርገው የኤችኤልኤ (የሰው አቻ የኤች-2) ማዛመድም ከዚህ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው።

አሁን ጥንቃቄዎቹ። ለ10 ትውልድ መልሶ ማዳቀል ከሌሎች ክሮሞዞሞች የመጣውን የለጋሽ ዘር ከሞላ ጎደል ያጠፋዋል። ከተፈለገው ጂን ጎንና ጎን የተጣበቀው ቁራጭ ግን በቀላሉ አይላቀቅም፤ በአማካይ 20 ሴንቲሞርጋን (በክሮሞዞም ላይ የጂኖች ርቀት መለኪያ) ገደማ ይቀራል፣ በውስጡም በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖች ይኖራሉ። ሴሎችን ለመከታተል የምንጠቀምበት ሲዲ45.1 የተባለ የነጭ የደም ሴል መለያ ያለው ብላክ 6 አንዱ ማሳያ ነው። ኤስጄኤል ከተባለ ሌላ ዝርያ የ1ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ይዞ ስለመጣ፣ መቅኔው ከተራው ብላክ 6 መቅኔ ጋር ሲወዳደር ወደ ኋላ የመቅረት ዝንባሌ ታይቶበታል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሙከራ ስትሠሪ ለጋሽና ተቀባይን አገላብጠሽም ሥሪው።

የአይጥ ቤታችሁ ውስጥ ብላክ 6 ሞልቷል ብለሽ ቢ10.ዲ2ን በእሱ ላይ እንዳትተክይ። ብላክ 6ና ብላክ 10 የቅርብ ዘመዳሞች ቢሆኑም አንድ አይደሉም፤ የሸሸሽው የማይነር ልዩነት ተመልሶ ይመጣል። የግድ ብላክ 6 ላይ መሥራት ካለብሽ በእሱ ላይ የተዳቀለ የኤች-2ዲ ኮንጄኒክ አለ፤ እሱን ጠይቂ።

ጾታም አለ። የብላክ 6 ሴት የወንዱን ቆዳ ትጥላለች፣ በሌላው ሁሉ አንድ ቢሆኑም፤ ምክንያቱ በዋይ ክሮሞዞም የሚገኘው ኤች-ዋይ የተባለ የወንድ አንቲጂን ነው። አብሮኝ የሠራ አንድ ተማሪ ከወንድ የተወሰደ ቆዳ ሴቶቹ ላይ ተክሎ፣ ቁጥጥር ብሎ ያስቀመጠው ቡድን ቀስ እያለ ሲወድቅበት ጥፋቱን ከስፌቱ ላይ ይፈልግ ነበር። ለጋሽሽንና ተቀባይሽን አንድ ጾታ አድርጊ።

ቡድኖችሽን እንዲህ አዋቅሪ፦ ብላክ 10 በብላክ 10 ላይ ለእጅሽ ጥራት፣ ቢ10.ዲ2 በብላክ 10 ላይ ለዋናው ጥያቄ። ማይነሮቹን ለብቻቸው ማየት ከፈለግሽ ባልብ/ሲን በቢ10.ዲ2 ላይ ትከይ፤ ኤች-2ቸው አንድ ነውና። መድኃኒትሽ ሠርቶ ቆዳው ከቆየልሽ ደግሞ ለዚያው አይጥ የቢ10.ቢአር ቆዳ ትከይለት፤ ኤች-2ው የተለየ፣ ኤች-2ኬ ነው፣ የቀረው ዘሩ ግን ያው ብላክ 10። ይህን ከጣለና የመጀመሪያውን ከያዘ የሰውነቱ መከላከያ አልደከመም፣ ለይቶ ታግሷል ማለት ነው። ሁለቱንም ከያዘ ግን ያየሽው የመከላከያ መዳከም ሊሆን ይችላል፤ ጽሑፍሽን የሚገመግሙት ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁሽም ይህንኑ ነው።

የምታዝዢውን ዝርያ ሙሉ ስም ከነንዑስ ዝርያው ጻፊልኝ፤ አይቼ እመልስልሻለሁ።