ከወረቀት ላይ መደነስ ይቻላል? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ስለ ጥንታዊ የባሌት መማሪያ መጻሕፍት በጨረፍታ ካነሳሁ ወዲህ ጥያቄዎቻችሁ ተጠራቅመውብኛል። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥሬ፣ ስድቦቹን ዘልዬ የቻልኩትን ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው የባሌት መጽሐፍ የቱ ነው? እባክህ ባጭሩ፣ የሚል አንባቢ አለ።

ዶሜኒኮ ዳ ፒያቼንዛ የተባለ ጣሊያናዊ የዳንስ መምህር ትምህርቱ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል፤ ተማሪው ጉልየልሞ ኤብሬዮም በ1463 የራሱን ጻፈ። ነገር ግን ያኔ የነበረው የመኳንንት አዳራሽ ጭፈራ ነው። ባሌት ገና አልተወለደም።

"ካህን የዳንስ መጽሐፍ ጻፈ ያልከው ቀልድ ነው አይደል?"

አይደለም ወንድሜ። ዣን ታቡሮ በፈረንሳይ የላንግር ካቴድራል ካህን ነበር። በ1589 የወጣውን «ኦርኬዞግራፊ» የጻፈው የስሙን ፊደላት አገለባብጦ «ትዋኖ አርቦ» በሚል ስም ነው። መጽሐፉ በመምህሩና ካፕሪዮል በሚባል ወጣት የሕግ ሰው መካከል የሚደረግ ጨዋታ ነው። ዜማው በገጹ ላይ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ በየኖታው አጠገብ የእግሩ እርምጃ ተጽፏል። ካህኑ ዳንስ ምን እንደሚጠቅም ሲያስረዱማ አያፍሩም፦ ተፈላላጊዎች ጤነኛ መሆናቸውን፣ መጥፎ ሽታ እንደሌላቸውም ቀረብ ብለው የሚያረጋግጡበት ነው ይላሉ። ዛሬ እንዲህ ብሎ የሚሰብክ ቢገኝ ምን እንደሚደርስበት እናንተው ገምቱ።

ባሌት የጣሊያን ነው የፈረንሳይ? (ከአንድ የቡና ላይ ውርርድ የመጣ)

ቃሉ ከጣሊያን፣ የእርምጃዎቹ ስም ከፈረንሳይ። ቡናውን ተካፍላችሁ ጠጡ።

አንድ የአዲስ አበባ ተማሪ በአካባቢዬ የባሌት አስተማሪ የለም ይለኛል። የድሮዎቹን መጻሕፍት አውርዶ ብቻውን ቢያጠና ይሆንለት እንደሆነ ይጠይቃል።

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ካፕሪዮልም መምህሩን የሚያመሰግነው በዚሁ ነው፦ በዚህ አጻጻፍ ተማሪው መምህሩ በሌለበት፣ ክፍሉን ዘግቶ መለማመድ ይችላል ባይ ነው። ያማረ ተስፋ ነው። ግን ከሁሉም የተራቀቀውን፣ ፈረንሳዊው የዳንስ መምህር ራውል ኦዤ ፌዬ በ1700 ፓሪስ ላይ ያሳተመውን «ኮሪዮግራፊ» እንይ። ዛሬ ዳንስ መፍጠር ማለት የሆነው ይህ ቃል ያኔ ትርጉሙ ዳንስን መጻፍ ነበር።

በፌዬ መንገድ ገጹ ራሱ የአዳራሹ ወለል ነው። የገጹ ራስጌ የክብር እንግዳው የሚቀመጥበት ወገን ነው። ዜማው እዚያ በኖታ ተጽፏል፤ ከሥሩ ደናሹ የሚሄድበት መንገድ እንደ ሐረግ ይጠማዘዛል። መንገዱን የሚያቋርጡት ትንንሽ ጭረቶች የሙዚቃውን ቤቶች፣ ማለትም ዜማው በምት የሚከፈልባቸውን ክፍሎች፣ ይለያሉ። ከመስመሩ ቀኝ ያለው የቀኝ እግር፣ ከግራ ያለው የግራ እግር ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ ደግሞ ጉልበትህን እጠፍ፣ ተነሥ፣ ዝለል፣ ዙር የሚሉ የትንኝ እግር የሚያካክሉ ምልክቶች ተሰክተዋል። ደናሹ ሲዞር መጽሐፉ አብሮት እንዳይዞር አያያዙን ሳይቀር ፌዬ ያስተምራል።

እኔ አንዱን ገጽ አሳትሜ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ሞክሬዋለሁ። ሰውነቴን አዙሬ ወረቀቱን ሳላዞር ለመያዝ ስታገል፣ አራተኛው የዜማ ቤት ላይ ከሶፋው ጋር ተጋጨሁ። እግሬ የት እንደሚያርፍ አውቄያለሁ። ጉልበቴ ምን ያህል ይታጠፍ? ከምቱ በፊት ነው ወይስ በምቱ ላይ? እጄስ? ፌዬ ለእጅ ምልክት አላጣም፤ ግን በተጻፉት ዳንሶች ላይ እጅ እምብዛም አይታይም። ሌላው ፈረንሳዊ የዳንስ መምህር ፒየር ራሞ በ1725 «የዳንስ መምህር» የሚለውን መጽሐፉን ሲያወጣ ሁለተኛውን ክፍል ለእጅ የሰጠው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ድጓ የተማረ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ከፊደሉ በላይ የተቀመጠው የዜማ ምልክት ለሚያውቅ ያስታውሰዋል እንጂ ለማያውቅ አያዜምለትም፤ ከየኔታ እግር ሥር መቀመጥ ግድ ነው። የፌዬም ገጽ እንዲሁ ነው። ገዢዎቹ እርምጃዎቹን ከልጅነታቸው የሚያውቁ ነበሩ፤ የሚፈልጉት የዘንድሮውን አዲስ ዳንስ ቅደም ተከተል ነበር። በዚህ አጻጻፍ ከ300 በላይ ዳንሶች ደርሰውናል፤ የዛሬዎቹ ባለሙያዎችም ዳንሶቹን የሚያስነሡት እየተከራከሩ ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ መጽሐፎቹን አንብባቸው፣ ውደዳቸው። ለጉልበትህ ግን ዓይን ያለው ሰው ፈልግለት፤ በወር አንዴም ቢሆን፣ በቪዲዮም ቢሆን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት እናት፦ የ9 ዓመት ልጃቸው በድሮ መጽሐፍ ሥዕል ላይ እንዳየችው ሁለቱን እግሮቿን አንድ ቀጥ ያለ መስመር እስኪሠሩ ወደ ውጭ ታዞራለች። ሰሞኑን ጉልበቷን እያመማት ነው።

እህቴ፣ መጀመሪያ ያስቁሟት። ከዚያ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት፤ ይህን ለአምድ ማሳመሪያ አይደለም የምለው። ልጅ ጉልበቴን አመመኝ ስትል የሚመረምራት የአጥንት ወይም የስፖርት ሐኪም ነው እንጂ የጋዜጣ ጸሐፊ አይደለም። አስተማሪዋም ይወቁ።

ስለ መጽሐፉ ልናገር የምችለው ይህን ነው። መዞሩ ከዳሌ መምጣት አለበት፤ ዳሌ የማይሰጠውን ከእግር ጣት ሲነጥቁት የሚጠማዘዘው ጉልበት ነው። በራሞ ዘመን እግር በመጠኑ ነበር የሚዞረው። ያ ቀጥ ያለ መስመር የገነነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ጣሊያናዊው የባሌት መምህር ካርሎ ብላሲስ በ1820 ሚላን ላይ ያወጣው መጽሐፍ ሥዕሎች ላይ ያገኙታል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሕፃናትን እግር የሚያዞር መሣሪያ ሳይቀር ነበር፤ ፈረንሳዊው የባሌት መምህር ኖቬር በ1760 «ደብዳቤዎች» በተባለው መጽሐፉ አውግዞታል። ልጅዎ ሥዕሉን ትየው። ትምሰለው ግን አልልም። ቀጠሮውን ዛሬ ይያዙ።

ሚያዝያ 21 (በአውሮፓውያኑ ኤፕሪል 29) ለምን የዓለም ዳንስ ቀን ሆነ?

የኖቬር ልደት ስለሆነ፤ 1727።

የመጽሐፎቹን ኦሪጅናል የት ልግዛ?

ገንዘብ ከተረፈዎት የጥንታዊ መጻሕፍት ነጋዴ ያማክሩ። ካልተረፈዎት የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ብዙዎቹን በነፃ በኢንተርኔት አስቀምጧቸዋል።

አንድ ጠበቃ ፌዬ የሰው ሥራ ሰርቋል መባሉን ሰምተው "ክሱ ምን ሆነ?" ይላሉ።

ጠበቆች ይህን ርዕስ ከካፕሪዮል ጀምሮ አልለቀቁትም። ዳንስን በወረቀት የሚያሰፍር ዘዴ እንዲፈልግ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ያዘዙት የዳንስ መምህራቸውን ፒየር ቦሻንን ነበር። ቦሻን ሠራው፤ አላሳተመውም። ፌዬ በ1700 አሳተመው። ቦሻን በ1704 አቤት አለ፣ አልተሳካለትም፣ በዓመቱ ሞተ። ዛሬ ልጆች የሚማሩትን አምስቱን የእግር አቋሞች የደነገገው ቦሻን መሆኑን የጻፈለት ራሞ ነው፤ ከሞተ ከ20 ዓመት በኋላ።