ሕፃናትን ወደ ሰፈር መጫወቻ ሜዳ ስለ መውሰድ፦ የሰሜን ሸዋ አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ገና ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጆችን ሰፈር ውስጥ ወዳለ መናፈሻና መጫወቻ ስለ መውሰድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ ይኖርበታል። በኪራይ ቤትና በጠባብ ግቢ ይህን ያህል መሮጥ አይቻልም። ጥያቄዎቹ ከደጋም ከቆላም ስለመጡ መልሳችንም እንደየአገሩ አየር ይለያያል።

«ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖታል። ወደ ሜዳ ልወስደው ስነሣ ቤተሰብ ‹ብርድ ይመታዋል› እያለ ይከለክለኛል። በስንት ሰዓት ልውሰደው? ምንስ ላልብሰው?» — እናት፣ ከደብረ ብርሃን ጠባሴ

እህታችን፣ ይውሰዱት። ጉንፋን የሚያሲዘው ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ደግሞ ሜዳ ላይ ካለው ነፋስ ይልቅ መስኮቱ ተዘግቶ ብዙ ሰው በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ በቀላሉ ይተላለፋል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አስም ያለበት ልጅ ነው፤ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ሕመሙን ሊቀሰቅስበት ስለሚችል ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ሳይይዙ አይውጡ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊት ውርጭ ስለሚጥል ጠዋት የመጫወቻው ብረት ይቀዘቅዛል፤ እርጥብ የነበረው አሸዋም ይጠጥራል። አሸዋው የሚዘረጋው ልጅ ሲወድቅ እንዲያበርድለት ነውና ከጠጠረ ከሲሚንቶ ብዙም አይሻልም። በጫማዎ ተረከዝ አንዴ ቆፈር ያድርጉት፤ ካልገባልዎ ፀሐይ እስኪያገኘው ይጠብቁ። በነዚህ ወራት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ያለው ጊዜ ከሁሉ ይመረጣል። ከዚያ እስከ 9 ሰዓት ፀሐዩ ይበረታል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ማቃጠሉ አይታወቅም፤ የልጁ ጉንጭና አፍንጫ ሲቀላ ነው የሚታየው። ክፈፉ ሰፊ የሆነ ኮፍያ ያድርጉለት።

ከአንድ ወፍራም ልብስ ይልቅ ሦስት ቀጫጭን ይደራርቡለት፦ ከውስጥ ከነቴራ፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከዚያ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። መሮጥ ሲጀምር አንዱን ያውልቁለት። ልጅን የሚያበርደው ብዙ ጊዜ በላብ ርሶ ነፋስ ላይ መቆሙ ነው። መብረድ አለመብረዱን በእጁ አይመዝኑ፣ የልጅ እጅ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው፤ ማጅራቱን ይንኩት። ላብ ካለው በዝቶበታል፣ ከቀዘቀዘ አንሶታል።

ሻርፕ፣ ነጠላ፣ አንገቱ ላይ የሚታሰር ገመድ ያለው ኮፍያና የአንገት ክር ግን ወደ መጫወቻው ከመግባቱ በፊት ይወልቁ። ሸርተቴው አናት ላይ ያለ ብሎን ክሩን ከያዘው ልጁ እየተንሸራተተ ይታነቃል። ይህ በየአገሩ ሕፃናትን የገደለ አደጋ ነው። የሹራብ ጓንትም መሰላል ሲወጣ ያንሸራትታልና አስወልቀው ኪስዎ ይክተቱት።

«የልጅ ልጄ ገና ዓመት ከስድስት ወሯ ነው። ሸርተቴው ያስፈራታልና እናቷ ጭኗ ላይ አስቀምጣት አብራት ትንሸራተታለች። ልክ ናት?» — አያት፣ ከደብረ ሲና

እናታችን፣ ይህን ጥያቄ በማንሣትዎ በጣም ደስ ብሎናል፤ ብዙ ወላጅ ይህንን የሚያደርገው ለልጁ ደኅንነት ብሎ ነውና። ነገር ግን ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሸርተቴ ላይ እግራቸውን ከሚሰብሩባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ በትክክል ይህ ነው። የሚሆነው እንዲህ ነው። የልጅቱ ጫማ ጎማ የሸርተቴውን ጠርዝ ወይም ወለሉን ይይዛል። ብቻዋን ብትሆን ክብደቷ ትንሽ ስለሆነ እዚያው ትቆም ነበር። አሁን ግን ከኋላዋ የአዋቂ ሰው ክብደት አለ፤ እግሯ ተይዞ ቀርቶ አካሏ ወደፊት ይገፋል፣ ከጉልበት በታች ያለው አጥንትም ይጠመዘዛል። ለዚህ የተለየ ፍጥነት አያስፈልግም።

እናቷ ከጎን ትቁም። የሸርተቴው ከፍታ ከ1.2 ሜትር የማይበልጥ፣ ግራና ቀኙም ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ጠርዝ ያለው ይሁን። ልጅቱን መሃል ላይ አስቀምጣ፣ ወገቧን ይዛ፣ በእርምጃ እየተከተለች ታውርዳት። ከፈራች ተዉአት፤ ታች ያለው አሸዋ ይበቃታል።

አደጋው ደርሶ ከሆነ ደግሞ እብጠት አይጠብቁ። በዚህ ዕድሜ አጥንቱ ተሰንጥቆ ላዩ ምንም ሳይታይበት ይቀራል፤ ምልክቱ ልጅቱ በዚያ እግሯ አልቆምም ማለቷ ነው። ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ይውሰዷት። ወጌሻ ጋ ሄዶ በቀርከሃና በጨርቅ ጠብቆ መታሰር የደም ዝውውር ዘግቶ እግር እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። ታስሮ የመጣ ልጅ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ማንቀሳቀስ ካቃተው ማሰሪያው በዚያችው ሰዓት መፈታት አለበት።

«እዚህ ሙቀቱ ከባድ ነው። መጫወቻው ደግሞ ሁሉም ብረት ነው። የሦስት ዓመት ልጄን መቼ ልውሰዳት? ወባውስ?» — አባት፣ ከሸዋ ሮቢት

ወንድማችን፣ እናንተ ጋ ሰዓቱ ከደብረ ብርሃን ተገላቢጦሽ ነው፦ ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ጀምሮ። ፀሐይ የዋለበት የብረት ሸርተቴ የሕፃን ቆዳ በሰከንዶች ያቃጥላል፤ ጥቁር ላስቲክ የተነጠፈበት ወለልም እንዲሁ። የእጅዎን ጀርባ ብረቱ ላይ አድርገው አምስት ይቁጠሩ። ሳይጨርሱ እጅዎን ካነሡ ልጅዎ አትቀመጥበትም። ቀሚስ የለበሰች ልጅ ጭኗ በቀጥታ ብረቱን ስለሚነካ ቁምጣም ቢሆን ከውስጥ ያልብሷት።

ውሃ በየ15 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ይስጧት፤ ጠማኝ እስክትል አይጠብቁ። መጫወት ትታ ከተኛች፣ ከተነጫነጨች፣ ፊቷ ቀልቶ ቆዳዋ ከጋለ ጥላ ውስጥ ያስገቧት፣ ልብሷን ያላሉ፣ አንገቷንና ብብቷን በውሃ ያርጥቡ። ካልተሻላት ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከማታ እስከ ንጋት ስለሆነ ከ12 ሰዓት በፊት ቤት መግባት ይበቃል። በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ በዚህ አይደራደሩ።

«ሰፈራችን ውስጥ ባዶ ቦታ አለ። እድራችን ገንዘብ አዋጥቶ ለሕፃናት መጫወቻ ሊሠራ አስቧል። ከየት እንጀምር? ምን ያህል ይፈጃል?» — የእድር ኮሚቴ፣ ከመሐል ሜዳ

በጣም ያስደስታል። ቦታው የመንግሥት ከሆነ መጀመሪያ ከማዘጋጃ ቤት በጽሑፍ ፈቃድ ያዙ፤ ከተሠራ በኋላ ቢፈርስ የእድርተኛው ገንዘብ ነው። ቦታው መንገድ ዳር ከሆነ ወይም አጠገቡ ጉድጓድና ገደል ካለ አጥር ከዕቃው ይቀድማል።

ብዙ ሰው ገንዘቡን በሙሉ ለዕቃው ያውልና ለመሬቱ ይጎድለዋል። እኛ የምንመክረው ተቃራኒውን ነው። ሕፃን ልጅ መውደቁ አይቀርም፤ መጎዳት አለመጎዳቱን ብዙውን ጊዜ የሚወስነው የሚያርፍበት ነገር ነው። ሣርና የተጠቀጠቀ አፈር አያበርድም። የሚያስፈልገው 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አሸዋ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ነው። አሸዋው የታጠበ ይሁን፤ ጭቃ የተቀላቀለበት ሲደርቅ ይጋገራል። ከሥሩ ውሃ የሚያሳልፍ ጠጠር፣ ከዳሩ ቦይ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ በክረምት ኩሬ ይሆናል።

ለአንድ ዥዋዥዌ ስንት አሸዋ እንደሚገባ እናስላ። ሰንሰለቱ የሚንጠለጠልበት ብረት ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ ቢል፣ አሸዋው ከፊትም ከኋላም የዚያን እጥፍ ማለትም 3 ሜትር፣ 3 ሜትር መዘርጋት አለበት፤ ርዝመቱ 6 ሜትር ሆነ። የዥዋዥዌው ስፋት 2 ሜትር ሆኖ በግራና በቀኝ 1.8 ሜትር ሲጨመርበት ወርዱ 5.6 ሜትር ይሆናል። ይህ በ30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት 10 ሜትር ኩብ ገደማ አሸዋ ነው። ገንዘባችሁ ለዚህ ካልበቃ ዥዋዥዌውን ለሚቀጥለው ዓመት አቆዩት።

ቋሚዎቹ 2 ኢንች የብረት ቧንቧ ሆነው ጫፋቸው የተገናኘ፣ እግራቸው የተከፈለ ሁለት ሁለት ይሁኑ። የሚተከሉበት ሲሚንቶ ከአሸዋው በታች ተቀብሮ ይቅር፤ ብቅ ያለ ሲሚንቶ ሲሮጡ ያደናቅፋል፣ ጭንቅላትም ይፈነክታል። ለመንጠልጠያ የናይለን ገመድ አይሁን፣ የደጋ ፀሐይ ያሳሳዋል። ሰንሰለት አድርጋችሁ እጅ የሚይዝበትን የላስቲክ ቱቦ አልብሱት፤ ጣት እንዳይቆነጥጥ። መቀመጫው ከጣውላ ወይም ከብረት ሳይሆን ከጎማ ይቆረጥ፤ ዥዋዥዌ የሚመታው ብዙውን ጊዜ በፊቱ የሚያቋርጠውን ትንሽ ልጅ ነውና። በሁለት መቀመጫዎች መካከል ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ከቋሚው 75 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ከአራት ዓመት በታች ላሉት ዙሪያው የተከበበ፣ እግር የሚወጣበት ቀዳዳ ያለው መቀመጫ ይሠራላቸው።

ብየዳ ሠሪው መከለያ ሲሠራ በፍርግርጉ መካከል ያለው ክፍተት ከ9 ሴንቲ ሜትር በታች ወይም ከ23 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዲሆን ንገሩት። በዚህ መሃል ያለ ክፍተት የሕፃኑን አካል አሳልፎ ጭንቅላቱን ይይዛል፤ ልጁም በአንገቱ ይንጠለጠላል።

ቀሪው ርካሽ ነው። ልጣጩ ተነሥቶ በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ የባሕር ዛፍ ግንድ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ሲጋደም ሚዛን መጠበቂያ ይሆናል። ያገለገለ የመኪና ጎማ ግማሹ ተቀብሮ ይዘለልበታል፤ ሽቦው የወጣ እንዳይሆን፣ ውሃም እንዳያቁር ታችኛውን በመሰርሰሪያ ብሱት። ትልልቆቹ ልጆች የሚራገጡበት ኳስ ሜዳ ግን ከዚህ በአጥር ይለይ፤ በየሰፈሩ ጠብ የሚነሣው ከዚያ ነው።

ከእድሩ አንድ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ይመደብ። ሥራው አሸዋውን በሬክ ማላላት፣ ጠርሙስና ምላጭ መልቀም፣ የሰንሰለቱን ማያያዣ ማየት ነው፤ ማያያዣው ሳንቲም እስኪያስገባ ከተከፈተ ይጥበቅ። ማታ ማታ በሸራ ካልተሸፈነ ድመትና ውሻ እንደሚጸዳዱበት እርግጠኛ ሁኑ።

አጫጭር ጥያቄዎች

አጥሩ ቅንጭብ ነው፣ ችግር አለው? አለው። የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ በኃይል ያቃጥላል፣ ብርሃንም ሊያሳጣ ይችላል። ሕፃናት በሚደርሱበት በኩል ይነሣ። ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ እያፈሰሱ ማጠብና ወዲያው ወደ ሕክምና መሄድ ነው። የአስተናግርና የጉሎ ፍሬም መርዝ ስለሆነ ከሥሩ ይነቀል። ሳማ ያቃጥላል እንጂ ለክፉ አይሰጥም።

ለመክሰስ ቆሎ መያዝ ይቻላል? ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይቻልም፤ ለውዝና ከረሜላም አይሆኑም። እየሮጠ ሲስቅ ፍሬው ወደ አየር ቧንቧው ይገባል። ሙዝ ወይም ዳቦ ይያዙ፣ ተቀምጦ ይብላ። ከታነቀና ማሳል ካቃተው ወደፊት አጎንብሰው በትከሻዎቹ መካከል በመዳፍዎ 5 ጊዜ ይምቱት። ካልወጣ ከኋላው ሆነው ከእምብርቱ በላይ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይጫኑ፤ እስኪወጣ ይደጋግሙ። ከዓመት በታች ላለ ሕፃን ሆድ አይጫንም፤ በሆድ ፈንታ ደረቱ መሃል ይጫናል።

ውሻ ቢነክስ? ጭረትም ቢሆን ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ ስለ ክትባት መጠየቅ። ቅቤና ቅጠል አይደረግበት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ «ውሻው ያብድ እንደሆነ እንይ» ብሎ መቆየት አይገባም።

እንሂድ ስለው መሬት ላይ ተንከባሎ ያለቅሳል። የሦስት ዓመት ልጅ «አምስት ደቂቃ» ምን እንደሆነ አያውቅም። የሚቆጠር ነገር ይስጡት፦ «ሦስት ጊዜ ሸርተቴ፣ ከዚያ ቤት»። ሦስቱ ሲያልቁ አራተኛ አይፍቀዱ፤ አንድ ቀን ከፈቀዱ በሚቀጥለው ቀን ለቅሶው ይረዝማል። በር ላይ የሚሠራት ነገር ትኑረው፤ ለምሳሌ ከያዛችሁት ጀሪካን ውሃ እየቀዳችሁለት እጁን በሳሙና ይታጠብ። አሸዋ ሲነካ የዋለ እጅ ሳይታጠብ አፍ ውስጥ ከገባ የወስፋት እንቁላል ይዞ ይገባልና ይህ ቤት እስኪደረስ ባይቆይ ጥሩ ነው።