112ኛ የወጣው ብስክሌተኛ
የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አውሮፓ ውስጥ ስምንት ዓመት በፕሮፌሽናልነት የተወዳደረ ብስክሌተኛ በመጪው ወር ክለባችን መጥቶ ሊያወጋን ቃል ገብቷል። ውጤቱን ብንፈትሽ አንድም ውድድር አላሸነፈም፤ አንዱ ላይ 90ኛ፣ ሌላው ላይ 112ኛ ይላል፣ ጭራሽ ያላጠናቀቀውም አለ። እንዳናሳፍረው ምን እንጠይቀው? ሳያሸንፍስ ስምንት ዓመት ሙሉ ለምን ይከፍሉታል?
(ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የሚያሳፍረው «ስንቴ አሸነፍክ?» ብሎ መጀመር ነው። ትልቁ የፈረንሳይ ውድድር ቱር ደ ፍራንስ ላይ አንድ ቡድን 8 ሰው ያሰልፋል። ከስምንቱ ለማሸነፍ የሚነዳው አንድ ወይም ሁለት መሪ ነው፤ የቀሩት ረዳቶች ናቸው፣ ደመወዝም የሚቆረጥላቸው ለዚሁ ነው።

ነገሩ ሁሉ የነፋስ ጉዳይ ነው። ሜዳ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ጉልበቱን በአብዛኛው የሚበላው አየር ነው። ከፊቱ ያለው ጎማ ላይ ተጠግቶ ቢነዳ ግን ለዚያው ፍጥነት የሚያወጣው ጉልበት ሩብ ያህል፣ አንዳንዴም ከሲሶ በላይ ይቀንስለታል። ረዳቱ 150 ኪሎ ሜትር ነፋስ ሲሰብር ውሎ መሪውን እግሩ ሳይዝል ዳገቱ ሥር ያደርሰዋል። ከዚያ ይለቃል። የሰዓት ገደቡ እንዳያልፍበት ብቻ እየተጠነቀቀ ቀስ ብሎ ይገባል። 112ኛ ማለት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ከተለያየ ቡድን አምልጠው የወጡ አምስት ስድስት ሰዎች ተራ በተራ ከፊት ሆነው ነፋሱን እየሰበሩ ሲጎትቱ ብታዩ ግን ያ የኛው ወንፈል ነው፦ አንተ 30 ሰከንድ ጎትት፣ እኔም 30 ሰከንድ እጎትታለሁ፤ ተራውን የሰረቀ ይሰደባል። የረዳት ሥራ ወንፈል አይደለም። ብድሩን የሚመልስለት የለም፣ የተቀጠረበት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ሥራህ ስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያበቃ ነበር? ለማን?» ይሁን። ቀጥሎ ስለ ውሃ ጠይቁት። ረዳት ወደ ኋላ ወርዶ ከቡድኑ መኪና የግማሽ ሊትር ጠርሙሶች ተቀብሎ ማልያው ውስጥ በጀርባውና በደረቱ በኩል ይሞላል። ስምንት ከያዘ 4 ኪሎ ተሸከመ ማለት ነው። ብስክሌቱ ራሱ ከ6.8 ኪሎ እንዳያንስ በውድድሩ ሕግ የተወሰነ ስለሆነ፣ ከብስክሌቱ ክብደት ከግማሽ በላይ ሌላ ጭኖ ነው መቶ ምናምን ሰው ሰንጥቆ ወደ ፊት የሚመለሰው። አሸናፊ በዚህ ላይ የሚያወራው ብዙም የለውም፤ እንግዳችሁ ግን አለው።

ከመምጣቱ በፊት ውጤቱን በደንብ አንብቡት። ከውድድሩ ስም አጠገብ 1.1 ወይም 2.2 ይላል። የፊተኛው ቁጥር 1 ከሆነ የአንድ ቀን፣ 2 ከሆነ የብዙ ቀናት ውድድር ነው። ሁለተኛው ደረጃው ነው፤ 1 ከ2 ይበልጣል፣ ከሁለቱም በላይ «ፕሮ»፣ ከሁሉ በላይ «ወርልድ ቱር» አለ። 2.2 ላይ 5ኛ ከመውጣት ወርልድ ቱር ላይ 60ኛ መውጣት ሊከብድ ይችላል። «ዲኤንኤፍ» አላጠናቀቀም ማለት ነው፤ በአንድ ቀን ውድድር ረዳት ሥራውን ጨርሶ ቡድኑ መኪና ውስጥ ሲገባም ይኸው ይጻፍበታል፣ እንደ ውርደት አትቁጠሩት። «ኦቲኤል» ግን ሰዓት ገደብ አልፎት ተባረረ ማለት ነው፤ ይህኛው ያማል፣ ራሱ ካላነሳው ተዉት።

ስለ ውልም ጠይቁ። አዲስ ፕሮፌሽናል ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል ያገኛል፤ ውሉ የሚያልቀው የፈረንጆች ዓመት ሲያልቅ ነው፣ ቡድን የመቀየሪያ ጊዜ የሚከፈተው ደግሞ ኦገስት 1፣ በኛ ሐምሌ 25 ነው። በሁለተኛው ዓመት ሐምሌ እንዴት እንደነዳ ቢነግራችሁ ብዙ ትማራላችሁ። አበረታች መድኃኒትን ማንሳትም ነውር አይደለም፦ በቋሚ ምርመራ መዝገብ የገባ ተወዳዳሪ በየቀኑ የሚገኝበትን ቦታና የ60 ደቂቃ ሰዓት አስቀድሞ ያስመዘግባል፤ በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከታጣ ባይወስድም ይቀጣል። ደመወዙን ግን አትጠይቁት።

ኢትዮጵያ ኦሊምፒክ የገባችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ በሩጫና በብስክሌት እንደነበር፣ ቱር ደ ፍራንስን በ2016 እ.ኤ.አ. የነዳው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊም ጽጋቡ ግርማይ መሆኑን የክለቡ ልጆች አውቀው ቢጠብቁት ደግሞ ደስ ይለዋል።

ጥያቄ፦ አንድ ፕሮፌሽናል «ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምብዛም አልነካም» ሲል ሰማሁ። እኛ ግን ወደ ዓባይ ስንወርድ ፍሬን ይዘን እንኳ ባለፈው የሁለት ልጆች ጎማ መንገድ ላይ ፈነዳ። ይህ ሰው ይዋሻል?
(ከደጀን)

መልስ፦ አይዋሽም። የልጆቹን ጎማ ያፈነዳውም ፍሬኑን ይዘው መውረዳቸው ሳይሆን አይቀርም።

ከደጀን እስከ ድልድዩ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። ስመ ጥሩው የቱር ደ ፍራንስ ዳገት አልፕ ዱዌዝ 13.8 ኪሎ ሜትር ነው፤ እሱ ይበልጥ ቀጥ ይላል እንጂ በርዝመት የናንተው ይበልጣል። ሰውና ብስክሌት ተደምረው 75 ኪሎ ቢሆኑ፣ 1 ሺህ ሜትር ሲወርዱ የሚለቁት ኃይል 2 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ፍሬን ካልተያዘ አብዛኛውን አየሩ ይወስደዋል። ከላይ እስከ ታች በስሱ ይዘው ከወረዱ ግን ከፊሉ የፍሬኑ ሸራ በሚፈትገው ቸርኬ ላይ ያርፋል። ቸርኬው ሲግል ውስጡ ያለው አየር ይነፋል፣ ከመነዳሪው ይለሰልሳል፣ በማስቲሽ የተለጠፈ ቦታ ካለው ልጣፉ ይነሳል፤ ከዚያ ይፈነዳል። ታች ቆላው ሲጀምር ሙቀቱ ይብሳል።

ሰውየው የሚያደርገው እንዲህ ነው። ቀጥታው ላይ ይለቃል፣ ቀና ብሎ በደረቱ አየሩን ይይዛል። ኩርባው ከመድረሱ በፊት፣ ብስክሌቱ ገና ቀጥ እንዳለ፣ ሁለቱንም ፍሬን አጥብቆ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ይይዛል። ኩርባው ውስጥ ይለቃቸዋል፤ የውጪ እግሩ ታች ነው፣ ዓይኑ መውጫው ላይ ነው። ዘንበል ብሎ ሳለ የፊቱን ፍሬን የጨበጠ ይወድቃል።

ይህ ግን ለውድድር በተዘጋ መንገድ ነው። የዓባዩ አስፋልት በከባድ መኪና ተጨማዶ ቦይ ሠርቷል፣ ኩርባ ላይም የጭነት መኪና መስመራችሁን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ቀጥታው ላይም ፍጥነታችሁን በአጭር በአጭሩ ቁረጡ፤ ይዛችሁ አትቆዩ። በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ቁሙና ቸርኬውን ሳትነኩ የእጃችሁን ጀርባ አስጠጉት፤ ሙቀቱ ከገፋችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ የፍሬኑን ሸራ እዩ፤ መሀሉ ላይ ያለው ጭረት ከጠፋ ይቀየር። ለዚህ ቁልቁለት ያልተለጠፈ አዲስ ከመነዳሪ ይሁንላችሁ።

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው፣ ክብደቴ 55 ኪሎ። ያገኘሁት ተወዳዳሪ ጎማዬን በእጁ ተጭኖ «ይሄ ድንጋይ ነው፣ አስተንፍሺው» አለኝ። ጎሚስታችን ደግሞ ጠንካራ ጎማ ይፈጥናል ይላል። ማንን ልስማ?
(ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ተወዳዳሪውን። ጠንካራ ጎማ የሚፈጥነው እንደ መስተዋት በለሰለሰ መንገድ ነው፤ ሻካራ ላይ ይነጥራል፣ በነጠረ ቁጥርም ጉልበትሽ ይባክናል። የጎማሽ ስፋት 28 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከፊት 58፣ ከኋላ 63 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ሞክሪ። ጎማው ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ማለፍ የሌለብሽ ነው፣ መሙላት ያለብሽ አይደለም። የጎሚስታው መጭመቂያ ለአይሱዙ የተሠራ ነው፤ የብስክሌት ጎማን ልክ በሁለት ሰከንድ ያልፋል። መለኪያ ያለው የእጅ መንፊያ ከጓደኞችሽ ጋር አዋጥታችሁ ግዙ። ከመነዳሪው ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካወጣ ጎማው ላልቶ ቸርኬው ቆንጥጦታል፣ 5 ጨምሪ። አንድ ቀዳዳ ከሆነ እሾህ ነው፤ አዲሱን ከመክተትሽ በፊት ጎማውን በውስጥ በኩል በጥጥ ጥረጊው፣ እሾሁ ካለ ጥጡን ይይዘዋል።

ጥያቄ፦ ፕሮፌሽናሎች ሳይርባቸው ነው የሚበሉት ይባላል። የነሱን የታሸገ ምግብ ከየት እናመጣለን? በጾምስ?
(ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ረሃቡ ከተሰማዎት ዘግይተዋል፤ ጉልበትዎ ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ለሚነዱበት ቀን በሰዓት 60 ግራም ያህል ስኳር የሚሰጥ ምግብ ያስፈልግዎታል። ለአንዱ ሰዓት 750 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና የሻይ ማንኪያ ሩብ ጨው ይበጥብጡ፤ አንድ ሙዝ ይጨምሩበት። አለቀ። በየ20 ደቂቃው ትንሽ ትንሽ እንጂ በአንዴ አይጨልጡት። ማር ከስኳር ቢሻልዎ ይተኩት፣ በሙቅ ውሃ ካላሟሙት ግን ታች ይዘቅጣል። በጾም ቀን ከባዱን ልምምድ የጾሙ ሰዓት አብቅቶ ከበሉ በኋላ ያድርጉት፤ ጠዋት መንዳት ካለብዎ ለአንድ ሰዓት፣ ያውም እያወሩ መንዳት በሚችሉበት ፍጥነት። በሶ ጥሩ ነው፣ ግን ሆድ ውስጥ ስለሚቆይ ዳገት ላይ ይከብዳል። ከመንገድ ሲመለሱ ይብሉት።